ከአጥሩ ውጭ

መጋቢት 12
ዝናብ። ገብሱ ገና አልተዘራም። ኦስበርት ዛሬም ደወሉን ያለ ሰዓቱ መታው... ሠላሳ ዓመት ሲደውል አንድ ቀን እንኳ ሰዓት ጠብቆ አያውቅም። ብቆጣው፣ “አባ፣ እግዜር ትንሽ ቀደም ብሎ ቢነቃ ምን ይጎዳዋል?” አለኝ። ሳቄ አመለጠኝ።

መጋቢት 16
የጳጳሱ መልእክተኛ መጣ። ንጉሣችን ከሮም የተሾመውን ሊቀ ጳጳስ አልቀበልም ስላለ አገሩ በሙሉ በግዝት ታስሯል። ቅዳሴ የለም፣ ደወል የለም። ሙት በተባረከ አፈር አይቀበርም። ሕፃን ማጥመቅና የሚሞተውን ማናዘዝ ብቻ። “ሕዝቡ ሲጨንቀው ንጉሡ ይንበረከካል” አለ። ሙታኖቻችን ምን አጠፉ? ብዬ አልጠየቅሁም። እሺ አልኩ።

የደወሉን ገመድ ጠቅልዬ ሳስር ኦስበርት ቆሞ ያየኛል። “ሰማይ አይታረስ ንጉሥ አይከሰስ ይሉ ነበር። ይኸው ተከሰሰ... ቅጣቱ ግን ለኛ ደረሰን።”

ግንቦት 3
ንጉሡ አደን ላይ ነው አሉ። ደህና ነው።

ኅዳር 9
ኦስበርት ሞተ። ሳሉ ነው የጨረሰው። ትናንት ሳናዝዘው እጄን ይዞ፣ “ከልጆቼ ጎን ነው አይደል፣ አባ?” አለኝ። ሦስቱም ልጆቹ ከቤተ ክርስቲያኑ ግድግዳ ሥር ናቸው፤ የቀበርኳቸው እኔው። ምን መለስኩለት? “አይዞህ።” በቃ፣ አይዞህ! አዎም አይደለም፣ አይም አይደለም።

ኅዳር 10
ሚስቱ ሄልዊዝ ሬሳውን በበሬ ጋሪ አምጥታ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር በር ላይ ቆመች።
“ይክፈቱልኝ፣ አባ።”
“ግዝት ነው፣ ሄልዊዝ። እኔ እጄ የለበትም።”
“ቁልፉስ በማን እጅ ነው?”
ወገቤ ላይ ነበር። አልከፈትኩም። ከአጥሩ ውጭ፣ ቦዩ ዳር ጎረቤቶቹ ቆፈሩለት። በመስኮት አየሁ። ከዚያ ራቴን በላሁ... እንዴት ወረደልኝ?

ጥር 21
የአገረ ገዢው እናት ሞታ ሰባት ፈረሰኞች ሬሳዋን ይዘው መጡ። “ክፈት፣ ቄስ!” አለ አንዱ። ግዝት የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም። ስከፍት ቁልፉ ሁለቴ ወደቀብኝ። የት እንቅበር ሲሉኝ ከኦስበርት ልጆች ጎን ያለውን ባዶ ቦታ አሳየኋቸው። ሌላ ቦታ መሬቱ በረዶ ሆኖ አይቆፈርም አልኩ። ውሸቴን ነው። ቶሎ እንዲሄዱልኝ ነው።

ሄልዊዝ ከመንገዱ ማዶ ቆማ ታያለች። ምነው መሬት ተከፍታ በዋጠችኝ!

ሰኔ 28፣ በስድስተኛው ዓመት
ግዝቱ ተነሳ። ንጉሡ ጳጳሳቱ እግር ላይ ወድቆ አለቀሰ አሉ። አነሱት፣ ሳሙት፣ አብረው ማዕድ ቀረቡ። በአንድ ቀን! ደወሉን ራሴ መታሁት። ሰው እያለቀሰ ገባ። ሄልዊዝ አልመጣችም።

ሐምሌ 2
ሄድኩ። ደጇ ላይ፣ ጭቃው ውስጥ ተንበረከክሁ። ላሟን እያለበች ነበር፤ አላቋረጠችም።
“ይቅር በይኝ። ንጉሡ እንኳ ተንበርክኮ ምሕረት አገኘ...” ምን ዓይነት አፍ ነው ያለኝ?
“እሱን የማሩት የበደላቸው ናቸው። እርስዎ የበደሉት ቦዩ ዳር ነው ያለው። ሄደው ይጠይቁት።”

ወደ ቦዩ ወረድኩ። ፍትሐት ልደግምለት መጽሐፌን ገለጥኩ። በስድስት ዓመት ስንት ሰው ተቀብሯል እዚህ... ሃያ? ሠላሳ? ሣሩ ጉልበቴን አልፏል። አንድም ምልክት የለም። ያኔ በመስኮት ነበር ያየሁት፤ አንድ ቀን እንኳ ወርጄ አላውቅም።

የኦስበርት የትኛው እንደሆነ አላውቅም። ይህን ጽፌ እንደጨረስኩ ተመልሼ ሄልዊዝን ልጠይቃት ነው።