ዳልቻና የካርቶኑ አንገትጌ

ጥቅምት 11፣ ጠዋት 1፡20

ስድስቱንም ጥንቸሎች መዘንኩ። ዳልቻ ዛሬም ቀነሰች። ጭዱን ቀየርኩ፣ ውሃ ሞላሁ፣ ጥርስ አየሁ። ነጩ አውራ ነከሰኝ፤ ደህና ነው ማለት ነው። ሳህን ላይ እንዲጸዳዱ ማስለመዱ ተሳክቷል፤ አራቱ ራሳቸው እየሄዱ ይወጡበታል። የዳልቻ ሳህን ላይ ግን ጥቂት በጠጥ ብቻ። ሆድ ድርቀት? እንጃ። የተማርኩት ስለ ላምና በሬ ነው። ጥንቸል አንድ ገጽ ብትሆን ነው፣ ያውም ፈተና ላይ አልመጣችም።

ማስታወሻዬ፣ እስካሁን አልነገርኩህም መሰለኝ። ያረባቸው የነበረው ፕሮጀክት ተዘጋ። ደብረ ታቦር ላይ የጥንቸል ሥጋ ማን ይበላል ብሎ አስቀድሞ የጠየቀ ሰው አልነበረም። ዘጠኝ ጥንቸሎች የተቆለፈ ግቢ ውስጥ ተረስተው ተገኙ። ስድስቱን እኔ ወሰድኩ፤ ሦስቱን ሐሙሲት ያለው አላምረው። አብሮኝ የተመረቀ የእንስሳት ሐኪም ነው።

ጥቅምት 12

ደረስኩበት! በማለዳ ዳልቻ አንገቷን ወደ ኋላ ቀብራ የራሷን በጠጥ ስትበላ አየኋት። ለካ ሳህኑ ባዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ላም አፈርና አጥንት ስትልስ ማዕድን ጎድሏታል እንላለን። ይቺም እንደዚያው መሆን አለበት። አሞሌ ጨው ፈቅፍቄ ሰጠኋት። ከግሉኮስ ካርቶን ክብ ቆርጬ አንገቷ ላይ አሰርኩ፤ ከእንግዲህ ወደ ኋላ አትዞርም። ለጥንቃቄ ለአምስቱም አሰርኩላቸው።

ለአላምረው ደውዬ አንተም እሰር አልኩት። አመሰገነኝ። ኮራሁ፣ ካንተ ምን እደብቃለሁ።

ጥቅምት 14፣ ከሰዓት

መሪጌታ መጡ። ያከራዩኝ እሳቸው ናቸው፤ ዕቃ ቤታቸውን ለጥንቸሎቹ የለቀቁልኝም እሳቸው። ግን ጥንቸል እርኩስ ናት ብለው ደጃፉን አያልፉም። ከውጭ ቆመው ካርቶኑን አዩና ምንድን ነው አሉ። አስረዳኋቸው።

«ልጄ፣ ጥንቸል ታመሰኳለች ተብሎ ኦሪት ላይ ተጽፎ የለም እንዴ? የሚያመሰኳን ነገር እንዴት እንዲህ ትጠፍሪዋለሽ?»

በትሕትና መለስኩላቸው። ጨጓራዋ አንድ ነው፣ አታመሰኳም፤ ከንፈሯ ስለሚንቀሳቀስ ነው የሚመስለው። ከሄዱ በኋላ ትንሽ ሳቅሁ።

ጥቅምት 17

ነጩ አውራ ሞተ። ከፍቼ አየሁት። ሆዱ በአየር ተነፍቷል፤ ሌላ የሚታይ ነገር የለም። ብርዱ ይሆን? ፉርሽካው? አሞሌው በዝቶ? መዝገቡ ላይ «ምክንያቱ ያልታወቀ» ብዬ ጻፍኩ። ሌሎቹም ምግብ ቀንሰዋል። በጠጣቸውን ከመብላት ከለከልኩ፣ ጨው ጨመርኩ፣ ግን አሁንም ይከሳሉ። ምንም አልገባኝም። ሐኪም ነኝ ብዬ ደመወዝ እበላለሁ። አለቀስኩ።

ጥቅምት 18፣ ማታ 12፡00

ዳልቻ አትነሳም። ጆሮዋ ቀዝቅዟል። ካርቶኑን ፈታሁላት። ለሕክምና ብዬ አይደለም፤ ይህን ተሸክማ አትሙት ብዬ ነው።

ጥቅምት 19፣ ማለዳ 12፡40

አልሞተችም። ስገባ ጎንበስ ብላ ከመቀመጫዋ በአፏ እየተቀበለች ነው። ተጠግቼ አየሁ። ይህ በጠጥ አይደለም። ለስላሳ፣ የሚያብለጨልጭ፣ እንደ እንጆሪ ፍሬ የተያያዘ። መሬት ሳይነካ ትውጠዋለች፤ ሳህን ላይ አይቼው የማላውቀው ለዚህ ነው። ዋጠች፣ ዐረፈች፣ ከዚያ የጎመኑን ቅጠል ጫፍ ነከሰች።

የአራቱንም ፈታሁ። ሁለቱ ወዲያው ያንኑ አደረጉ።

ቁጭ አልኩ። እንግዲህ የበላችውን ሣር በአንድ ጊዜ አትጨርሰውም፤ ከውስጥ አውጥታ መልሳ ትበላዋለች። ላሟ በጉሮሮዋ የምትመልሰውን ይቺ በሌላ በኩል ትመልሰዋለች። ታዲያ መሪጌታ ተሳሳቱ ወይስ አልተሳሳቱም? እኔ የሳቅሁት በማን ነው? ግማሽ ምግቧን የከለከልኳት እኔ ነኝ። ነጩንስ? ብርድም ሊሆን ይችላል። ብርድ ነው ማለት እንዴት ደስ ባለኝ።

ያው 19፣ 3፡10

አላምረው ጋ ኔትወርክ እምቢ አለ። በአምስተኛው ገባልኝ። ገና ሳልናገር ምስጋና ጀመረ። በፊት ይረብሹ ነበር፣ አሁን ጸጥ ብለዋል፣ ከቦታቸው ንቅንቅ አይሉም አለኝ፤ ደስ ብሎት። ይበላሉ ወይ አልኩት። ቆይ ልይ አለ። ስልኩን እንደያዘ ሲራመድ ይሰማኛል። በሩ ተከፈተ። ከዚያ እርምጃው ቆመ።

ካርቶኑን አሁኑኑ ፍታላቸው አልኩት።

«ለአንዷ ብቻ ነው የሚጠቅማት» አለኝ፤ ቀስ ብሎ። የሞቱትን ሁለቱን ምን እንደነካቸው ጠየቀኝ። መጣሁ ብቻ አልኩት።

ወደ መናኸሪያ ልወጣ ነው። ወረታ ወርጄ ከዚያ ወደ ሐሙሲት መኪና አላጣም። በስልክ አልነግረውም፤ የገደልናቸው በእኔ ምክር መሆኑን ፊቱን እያየሁ እነግረዋለሁ። ጎመን ልያዝ። ለስላሳ ሣርም። ከዳልቻም ማለዳ የምትውጠውን ትንሽ ለተረፈችው ብወስድላት ሆዷን ያነሳሳው ይሆን ወይስ ይኸም እንደ ካርቶኑ ይገድላታል?