ማራገቢያው ስለዞረ ደህና ነው ለተባለው ፓወር ሰፕላይ

ለተከበሩ የኤሌክትሪክ ዕቃዎች መመርመሪያ ቤተ ሙከራ ኃላፊ፣

ክቡርነትዎ፣ ይህ ደብዳቤ በሙሉ ጤናና በደረቅ እጅ እንዲያገኝዎ ምኞቴ ነው። የታላቅ እህቴን ጤና ከጠየቁኝ፣ አምላክ ይመስገን፣ ተርፋለች። በጽሕፈት ሱቃችን የደንበኛ ማመልከቻ ስትተይብ የኮምፒውተሩን ብረት በክንዷ ነካች፤ ከወንበሯ ተወርውራ ግድግዳ ሥር አገኘኋት። ግራ እጇ እስካሁን ብርጭቆ አይጨብጥም። እኔም ከዚያ ወዲህ አላርፍም፤ ስወጣ ስገባ ሶኬት እነቅላለሁ፣ የበር እጀታ እንኳ በእጄ ጀርባ ሳልሞክር አልከፍትም። ለኮምፒውተሩ ኤሌክትሪክ በሚያከፋፍለው ሳጥን፣ በፓወር ሰፕላዩ ላይ የተለጠፈው «ደህንነቱ ተረጋግጧል» የሚለው የቤተ ሙከራዎ ምልክት ግን አንድም ጭረት ሳይነካው ያብረቀርቃል። ስለዚህ ምስጋናዬን በቅደም ተከተል አቀርባለሁ።

፩. ከአደጋው በኋላ ዕቃውን እንዲመረመርልኝ ይዤ በመጣሁ ጊዜ መርማሪዎ ሶኬት ላይ ሰክቶ፣ ማራገቢያው መዞሩን አይቶ፣ «ይሠራል፤ ምን ሆነ?» ብሎ ስለሸኘኝ ፍጥነቱን አደንቃለሁ። እኔ የጠየቅሁት መሥራቱን ሳይሆን መግደል አለመግደሉን ነበር። እባብም እኮ የሚነድፈው ጤነኛ ሲሆን ነው።

፪. ሥራ ሲበዛበት ቮልቱ እየወረደ ኮምፒውተሩ ድርግም ስለሚል፣ ጭነት ተሰጥቶት እንዲለካ ለምኜ ነበር። የጭነት መለኪያው መሣሪያ ገና ስላልተመረቀ ከካርቶኑ እንደማይወጣ በትሕትና ተነገረኝ። ባዶ ጀርባዋን የሮጠች በቅሎ ጎበዝ ተብላ እንደምትሸጥ ከዚህ ተማርኩ።

፫. የእህቴ ባል የመብራት መስመር ዘርጊ ነው። ሳጥኑን ፈቶ ሲያየው፣ ኤሌክትሪክ የሚያስገባው ሽቦ በብሎን ተጨፍልቆ፣ ሽፋኑ ተልጦ፣ ብረቱን ይነካል፤ አደጋ ሲመጣ ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርደው ሽቦ ደግሞ ከምንም ጋር አልተያያዘም። «ይሄን የመረመረው ሰው ዓይኑን ጨፍኖ ነው ወይስ ኪሱን ከፍቶ?» አለኝ። ክብርዎን ስለምጠብቅ «ዓይኑን ነው» ብዬ መለስኩለት።

፬. ሽቦውን ላሳይዎት ቢሮዎ ድረስ ስመጣ፣ ጥፋቱ የሱቃችን የመብራት መስመር መሆኑን አስረዱኝ። እንግዲያው በእርስዎ መስመር ይሰካና ብረቱን ይንኩት ብዬ ብጋብዝዎ፣ ሁለቱንም እጆችዎን ኪስዎ ከተቱ። በዚያ ግቢ ያየሁት ብቸኛው ትክክለኛ የደህንነት ምርመራ ይህ በመሆኑ ከልብ አመሰግናለሁ።

ክቡርነትዎ፣ ያው ምልክት ያለበት ዕቃ ዛሬም በየሱቁ ይሸጣል። ትናንት አንዲት እናት ለልጇ ስትገዛ አይቼ፣ ተከትያት ወጥቼ እንድትመልሰው ለመንኳት። ምልክቱን በጣቷ አሳየችኝና «መንግሥት ያየው ነው፤ አንተ ማነህ?» ብላኝ ሄደች። ዕቃው ተሰብስቦ እንደገና እስኪፈተሽ ድረስ ቢያንስ ምልክቱን እንዲያነሱልን እማጸናለሁ።

ከማንኛውም ብረት አንድ ክንድ ርቆ በታላቅ አክብሮት እጅ የሚነሳዎት፣
የታይፒስቷ ታናሽ ወንድም

ድኅረ ጽሑፍ፦ ይህን ደብዳቤ ላስገባ ስመጣ ጸሐፊዎ ኮምፒውተሯን በፕላስቲክ ማስመሪያ ጫፍ ተጭና ስትከፍት አየኋት። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት፣ «ይነዝራል» አለችኝ፤ «የእሳቸውንም በየጠዋቱ የምከፍትላቸው እኔ ነኝ።»