የሐሙሱ ቋሊማ

ይድረስ ለወንድሜ ለዬፊም፤ በያኩት ግዞት፣ በዚያ ብርድ እንዴት ከረምክልኝ? እኛ ክርስቶስ ይመስገን ደህና ነን፣ ላሚቱም ወልዳለች። አክስታችን ፌቭሮኒያ ነጭ ቀሚሴን ሰፍታ ጨርሳለች፤ ጡቴ ተቆርጦ የምነጻው ለጥምቀት ነበር፣ አንተ በነጻህበት በዚያው ምላጭ። ሐሙስ ግን ፖሊሱ መጣና ጠረጴዛችን ላይ ቋሊማ ወርውሮ «ከነዚያ ለነፍሳቸው ብለው ገላቸውን ከሚቆርጡት፣ ሥጋም ከማይበሉት ካልሆናችሁ እስቲ ብሉ!» አለን። አክስታችን «ሆዴን አሞኛል ጌታዬ» አለች። እኔ በላሁ! እሱ ሲወጣ «አንቺ ከይሲ፣ ረከስሽ! ዓመት ሳትጾሚ ምላጩ አይነካሽም!» ብላ ጮኸችብኝ። አለቀስኩ፣ እሷ ፊት። ከዚያ ወንድምዬ፣ እንዴት ያለ እንቅልፍ እንደተኛሁ! ይሄን ለማንም እንዳታነብ። ክርስቶስ ያሙቅህ፣ አብረውህ ለተጋዙት ሁሉ ሰላም በልልኝ። የተረፈውን ቋሊማ ጨው ነስንሼ ገለባ ውስጥ ደብቄዋለሁ፣ ለከርሞው ጥምቀት ይሆነኛል።

እህትህ ኡስቲኒያ