ያልተሰረቀው ክራር

ሰኞ፣ ኦክቶበር 7። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል።
ክኒኔን ዋጥኩ። የአልማዝን አበቦች ውሃ አጠጣሁ። ሚስቴ ካረፈች ዓመት ከአራት ወር። ደብተሬ፣ ለሷም ያልነገርኳትን ላንተ ልንገርህ፦ የጓደኛዬ የሙልጌታ ክራር አልተሰረቀም። እኔ ነኝ ያቃጠልኩት።
ጻፍኩት። ምንም አልተሰማኝም። ወደ ኦበርን፣ መጋዘን ሥራ።

ረቡዕ፣ 9። ምሳ ሰዓት፣ መጋዘን።
ሙልጌታ ኮል አደረገ። የሙዚቃ ቡድናችን ጠል ባንድ ሊበተን ነው። ቅዳሜ ሳምንት ሊንውድ የመጨረሻው ዝግጅት። 38 ዓመት! ካርቱም ስደት ላይ ሳለን እሱ ጊታር፣ እኔ ክራር ይዘን ጀመርን። እዚህ ስንመጣ ድራም ጨመርን፣ ክራሩን ከአምፕሊፋየር አገናኘን። ካሴት፣ ሲዲ፣ ዩቲዩብ። ስድስት ድራመር ተፈራረቀ። እኔ የመጀመሪያውን 11 ዓመት ብቻ ነበርኩ።
ና ተጫወት አለኝ። ጌታ ከዘፈን አውጥቶኛል፣ አልኩ። የለመድኳት መልስ። ሳቀ።
«እሺ ቅዱሱ፣ መጥተህ አጨብጭብ። ማጨብጨብማ እናንተም ዘንድ አለ!»
ስልኩን ሊዘጋ ሲል፣ በዚያ በኩል ፓውንሾፕ፣ አሮጌ ዕቃ የሚገዛና የሚሸጥ ሱቅ፣ ካየህ ጎራ በል አለ። ዛሬም ይፈልገዋል። አባቱ በእጁ የጠረበውን ክራር።
ምሳዬን አልበላሁም።

ሐሙስ፣ 10። ከሥራ በፊት።
እንዲህ ነው የሆነው። ሦስተኛው ካሴት ሲቀዳ እኔ የምጫወተውን ክራር አውጥተው ኪቦርድ አስገቡ። ምት አይጠብቅም አሉ። እውነት ነው፣ አልጠብቅም። ከበር ውጭ ሆኜ ሰማሁ። እሑድ አልማዝ የምትሄድበት ቤ/ክ ገባሁ። በምስክርነት ሰዓት ተነስቼ፣ ጌታ ከዘፈን ጠራኝ፣ አልኩ። እልልታ! ወንድሞች፣ በል ጣዖትህን አምጣ አሉ። አመጣሁ። ክራሩ ሙልጌታ ያዋሰኝ ነው። የሰው ዕቃ ነው ማለት አቃተኝ። ጓሮ፣ ባርቤኪው ማንደጃ ላይ አነደድኩት። አልማዝ የራሴ ክራር መስሏት በደስታ አለቀሰች።
ለሙልጌታ፣ ማውንት ቤከር ሰፈር ካቆምኩት መኪና ውስጥ ሰረቁኝ አልኩት።
ጌታ ኋላ አልያዘኝም አልልም፤ ይዞኛል። መጀመሪያ የጠራኝ ግን ኩርፊያ ነው። ይኸው 27 ዓመት ኩርፊያን በሱ ስም ስጠራ።
ልጸልይ ተንበረከክኩ። ጉልበቴ ብቻ ታመመ።

ዓርብ፣ 11። ከሰዓት 11።
ከሥራ ስመለስ ፓውንሾፕ። እግሬ ይዞኝ ገባ። ራሴ ያቃጠልኩትን ክራር፣ አለ ወይ ብዬ ጠየቅኩ! በእጄም ቅርጹን አሳየሁ። ሰውየው ደግ ነው፤ ጓዳ ገብቶ ፈለገልኝ። ትንሽዬ ጊታር ይዞ ወጣ። አመሰገንኩ።
ሙልጌታ እንዲህ ስንት ሱቅ ገብቶ ወጣ?

እሑድ፣ 13። ከሰዓት 10።
ከቤ/ክ በቀጥታ ሊንውድ፣ ሙልጌታ ጋራዥ። ልምምድ አልቋል፣ ብቻውን ኬብል ይጠቀልላል።
«ቅዱሱ! ጭብጨባ ልትለማመድ መጣህ?»
ነገርኩት። ቆሜ። ኪቦርዱን፣ ማንደጃውን፣ የመኪናውን ውሸት። ይቅር በለኝም አልኩ።
ኬብሉን ጠቅልሎ ጨረሰ። አልሰደበኝም። ሲነድ ድምፅ ነበረው ወይ አለኝ። አዎ፣ ክሮቹ አንድ በአንድ ተበጠሱ፣ አልኩት። መጨረሻ የተበጠሰው የቱ ነው? አለ። ወፍራሙ።
ጊታሩን አነሳ። ወፍራሙን ክር መታ። ድምፁ ይሄ ነው? አለ። አይደለም፣ ዝቅ ይላል፣ አልኩ። አላላው፣ መታ። ገና ነው። አላላው። ጆሮዬ እንዴት እንዳልረሳ። አላላው፣ መታ።
እሱ ነው፣ አልኩት።