የፍቅርአዲስ እንቅልፍ

ጥቅምት 8
ልብስ ሳጥብ ዋልኩ። ባሌ ላቀው ከቤተ ክርስቲያን ሲመለስ ራት አቀረብኩ። ልጃችን ፍቅርአዲስ ጉርሻው በአፏ እንዳለ ተኛች። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፣ ሕፃን አይደለችም... ደክሟት ይሆናል።

ጥቅምት 21
መምህሯ አስጠራኝ። ክፍል ውስጥ ትተኛለች፣ ሲቀሰቅሷት መልሳ ትተኛለች አለኝ። ማታ ምን ታሠሯታላችሁ? ምንም። በጊዜ ነው የምትተኛው። ታዲያ ለምን?

ኅዳር 5
ዛሬ አባቷ ቀለደ፣ ሳቀች። መንጋጋዋ ረገበ፣ ጉልበቷ ከዳት፣ ተዘረረች። ዐይኗ ግልጥ ነው። ትንሽ ቆይታ ተነሣች። ላቀው ድጋሚ አልቀለደም።

ኅዳር 19
እንቅልፍ ሊወስዳት ሲል በሩ ላይ ጥቁር ሰው ቆሞ ታያለች። መጮህ ያቅታታል። አማቴ እትዬ ወለተ ጊዮርጊስ ዱካክ ነው፣ ጸበል ትግባ አሉ። ጤና ጣቢያ ደግሞ የሚጥል በሽታ ነው ብለው ክኒን ሰጡን። የቱን ልመን? ሁለቱንም አደረግን።

ታኅሣሥ 12
ክኒኑ ጭራሽ አስተኛት። ሊያስቃት የሚደፍር የለም። ቤታችን ጸጥ ብሏል።

ጥር 3
ምድጃው ዳር ቆማ ስታወራኝ የሆነ ነገር አሳቃት። ወደ እሳቱ ወደቀች። በቀሚሷ ጎትቼ አወጣኋት። ክንዷ ተቃጥሏል። አልጮኸችም... ለምን አልጮኸችም? ላቀው በላይዋ ቆሞ ያለውን አልጽፈውም።
ጎረቤቴ ፋጢማ ቅባት ይዛ መጣች። ደሴ የነርቭ ሐኪም አለ፣ ውሰጃት፣ አላህ ያሽራት አለች።

ጥር 24፣ ደሴ
ሐኪሟ እኛን አዳምጣ ስትጨርስ ወደ ልጄ ዞረች።
"ስትወድቂ የሰው ድምፅ ትሰሚያለሽ?"
"ሁሉንም እሰማለሁ።"
"ምን ሰማሽ?"
ፍቅርአዲስ አባቷን አየችው። "አባባ 'እግዚአብሔር ቢወስዳት ይሻላት ነበር' አለ።"
ላቀው ወደ ግድግዳው ዞረ።
ናርኮሌፕሲ የሚባል የእንቅልፍ ሕመም ሳይሆን አይቀርም አለች ሐኪሟ። አእምሮዋ እንቅልፍና ንቃትን መለየት ያቅተዋል። ስትስቅ ሰውነቷ ይዝላል እንጂ ራሷን አትስትም። ጥቁሩ ሰውም ከዚያው ነው፣ ነቅታ የምታየው ሕልም። አዲስ አበባ ሄዳ እንቅልፏ በመሣሪያ መታየት አለበት። ይድናል ወይ አልኩ። መድኃኒቱ ያግዛታል፣ ግን አብሯት ይኖራል አለች።
አብሯት ይኖራል...

ሚያዝያ 16
የአዲስ አበባው ምርመራ ያንኑ አረጋገጠ። የድሮው ክኒን ቀርቷል። በአዲሱ ትምህርቷን ትከታተላለች፣ እረፍት ላይ መምህሯ ያስተኛታል። መድኃኒቱ እዚህ መካነ ሰላም ከተማ አይገኝም፣ ከሩቅ ነው የሚመጣው። መንገዱ ሲዘጋስ? ብቻዋን ወንዝ ዳር ብትሆንስ?
ዛሬ ግቢው ውስጥ ስትስቅ ወደቀች። ላቀው እንደ ድሮው በላይዋ አልቆመም። መሬቱ ላይ አጠገቧ ተቀመጠ።
"ልጄ፣ እዚህ ነኝ። ያን ቀን ያልኩት..."
መልስ መስጠት አትችልም። ዐይኗ ግን እሱ ላይ ነበር። ሰውነቷ ሲመለስላት ተነሣች፣ አቧራዋን አራገፈች፣ ከግቢው ወጣች።
ሰምታዋለች። እሱም ያውቃል። እስኪመሽ እዚያው መሬት ላይ ተቀምጦ ጠበቃት።