መቶ የተዝካር ማንኪያ

ጥቅምት 3 ቀን 2008፣ ጠዋት

መብራት የለም። ደግሞ ዛሬ! የሠርግ ሹካዎቹ ስልሳ ይቀራሉ፣ ሙሽራዋ ቀትር ላይ ትመጣለች። ሙኒር ሹካ የሚጋደምበትን እንጨት እየሞረደ ያፏጫል። ይህ ባሌ ቤት ቢቃጠልም ያፏጫል። ትዕግስት የሚባለው ስም ለእሱ ነበር የሚገባው፤ በስህተት ለእኔ ወጣ።

5 ሰዓት። መብራቱ መጣ! መነጽሬን አደረግሁ። የሌዘር ማሽናችን ነጥብ ብረቱ ላይ ስትሮጥ ማየት እስከዛሬ አልሰለቸኝም። የሰው ስም በአሥር ሰከንድ ትጽፋለች፤ ከዚያ በኋላ ቢያሹትም አይለቅም። ለዚህ ነው ሱቃችን ሕግ ያለው፦ መጀመሪያ አንድ ናሙና እንሠራለን፣ ደንበኛው ጮክ ብሎ ያነበዋል፣ ከዚያ ነው ቀሪውን የምንቀጥለው። የዛሬዋ ሙሽራ ባለፈው ሳምንት ናሙናዋን ስታነብ አለቀሰች። ደስ ሲል።

ጥቅምት 4፣ 9 ሰዓት

ደብተሬ፣ ዛሬ ታገሺኝ።

አንዲት ሴት መጣች። ወ/ሮ አስካለ ነኝ አለች፣ ከጠመንጃ ያዥ ሰፈር። አላውቃትም። መቶ ማንኪያ በካርቶን፣ አንድ የታጠፈ ወረቀት። ለጎረቤቴ ተዝካር ነው፣ ለእሑድ ሳምንት ይድረስ ብላ ስልኳን ትታ ሄደች። ወረቀቱን ገለጥኩት።

«ለወ/ሮ ዘነበች ደጀኔ
የነፍስ መታሰቢያ»

እማዬ። የእናቴ ስም ነው። ከሥሩ ሌላ መስመር አለ፣ ዓይኔ አላነበበውም።

ስድስት ዓመት አልተነጋገርንም። ሙስሊም ካገባሽ ልጄ አይደለሽም አለችኝ፤ እኔም እሺ ብዬ በሯን በላይዋ ላይ ወርውሬ ዘግቼ ወጣሁ። ከዚህ ከሰንጋ ተራ እሷ ቤት በእግር ሩብ ሰዓት ነው። ሩብ ሰዓት! ሞታ፣ ተቀብራ፣ ለተዝካር ደርሳ፣ ለእኔ የሚነግረኝ አንድ ሰው ጠፋ? የእናቴን መርዶ በትዕዛዝ ወረቀት ተረዳሁ?

ጮህኩ። ፎቶ ኮፒ ቤት ያለችው ጽጌ እየሮጠች መጣች። ሙኒር ሱቁን ዘጋ። መሬት ላይ ተቀምጬ ነጠላዬን አዘቅዝቄ እርሜን አወጣሁ። በግንቦት ልደታ ማርያም ስትነግሥ እማዬን አይቻት ነበር። እሷ ጥላ ሥር፣ እኔ ከዛፉ ጀርባ። ከስታለች። ሄጄ ጉልበቷን ብስም ምን ነበረበት? ምን ነበረበት!

ጥቅምት 5፣ ረፋድ

አለች! ደብተሬ፣ እማዬ አለች!

ሙኒር ነው የነቃው። ወረቀቱ ላይ ያረፈችበት ቀን የለም። ቀኑን ለመጠየቅ ወ/ሮ አስካለ ዘንድ ደወለ። ሴትዮዋ ደነገጠች፣ ከዚያ ስድብ አወረደችበት። ምን ሞት አመጣህ፣ ወ/ሮ ዘነበች ትናንት ከሽንኩርት ነጋዴ ጋር ስትጨቃጨቅ ነበር አለችው። የቁም ተዝካር ነው። ስትሞት የሚያወጣላት የለም፣ ስለዚህ በሕይወት ሳለች ራሷ ታወጣዋለች።

ሳቅሁ። ደግሞ አለቀስኩ። ፊቴ አብጧል፣ ጥቁር ለብሻለሁ፣ ጽጌ ንፍሮ ቀቅላ በሩ ላይ ቆማለች። ምን ልበላት? በቁሟ እርሟን አወጣሁ ልበል? ንፍሮውን ተቀበልኳት። ሦስታችን በላነው።

8 ሰዓት። ሦስተኛውን መስመር አነበብኩ።

«ልጅ ስለሌላት ራሷ በቁሟ ያወጣችው»

ከትናንቱ ይህኛው ባሰ። አይ፣ አፌን ቁርጥ ያድርገው፣ አልባሰም። ግን ትናንት ያለቀስኩት ለሞተች እናት ነው። ዛሬ የሞትኩት እኔ ነኝ።

ጥቅምት 6

የማንኪያው እጀታ ሁለት መስመር ብቻ ይይዛል። ሦስተኛው አይገባም። ደስ አለኝ! በቃ ይቀራል አልኩ። ሙኒር እንቢ አለ። የሰው ቃል ነው፣ እኛ አንቀንስም አንጨምርም፣ ባለቤቷ ትጠየቅ አለ። ከወ/ሮ አስካለ የእማዬን ስልክ ተቀብሎ ደወለ፤ ድምፁን ከፍ አደረገው። እኔ ማሽኑን ይዤ ቆምኩ።

ድምጿ! ትንሽ ሻክሯል እንጂ ያው ነው። እሱ እማማ፣ እርስዎ እያለ አስረዳት። ስሙን አልጠየቀችውም። መስመሩ ከማንኪያው ሆድ ጀርባ ይጻፍ አለች፤ የበላ ሰው ሲያጥበው ያነበዋል። ምላሷ እንደሆነ አላረጀም።

አለቀ፣ ትዘጋዋለች ብዬ ነበር።

«ያቺ ማሽኑን የምታሠራው ልጅ ዓይኗን አያማትም?» አለች። «በሕፃንነቷ ብርሃን አትችልም ነበር።»

ሙኒር አየኝ። እኔ መነጽሬን ነካሁ።

«መነጽር ታደርጋለች፣ እማማ።»

«ደግ» አለች። ዘጋችው።

ታውቃለች! በዚህ ከተማ ውስጥ ካለው ሱቅ ሁሉ መርጣ ለእኔ ላከችው! ምን ዓይነት ሴት ናት? ልጅ የለኝም የሚለውን በራሴ እጅ ልታስጽፈኝ? ተናድጄ ወጥቼ አዲሱ ባቡር ድልድይ ሥር ቆምኩ፤ ሁለት ባቡር አለፈ። ስመለስ ሙኒር አንድ ነገር ብቻ አለኝ። ልጅ የሌላት ሴት የልጅ ዓይን አትጠይቅም አለ።

ጥቅምት 7፣ እሑድ

ቅዳሴ አስቀደስኩ። ዛሬ ከዛፉ ጀርባ አልቆምኩም። እሷ ግን አልመጣችም። አመማት? ስልክ ቁጥሯን አወጣሁ፣ መልሼ ከተትኩ። ፈሪ።

ጥቅምት 8፣ 2 ሰዓት ጠዋት

ሠራሁት። አንድ ማንኪያ ብቻ፣ ናሙናውን። ከፊት ስሟና መታሰቢያው፣ ከጀርባ ሦስተኛው መስመር። እኔ ፊቴን አዞርኩ፣ ማሽኑ ግን ቀጥ አድርጎ ጻፈው። ሲወጣ ትኩስ ነበር። ዘጠና ዘጠኙ ባዶውን ነው።

ይኸው ቁርጡ፦ ዛሬ ጠመንጃ ያዥ እሄዳለሁ። ሙኒር በር ላይ እጠብቅሻለሁ አለ፤ እቤት ድረስ ትገባለህ አልኩት። ጥቁሩን አውልቄያለሁ። እማዬ ማንበብ የለመደችው በመሠረተ ትምህርት ነው፣ ፊደሉን አንድ በአንድ እየጠራች። ሕግ ደግሞ ሕግ ነው፣ ለእናትም አይሻርም። ማንኪያውን እጇ ላይ አኖራለሁ። ጮክ ብላ ታንብብልኝ፣ ፊቴን እያየች። ካነበበችው መቶውንም እጽፍላታለሁ፣ አንድ ቃል አልናገርም። ካቃታት ግን…

ሙኒር እየጠራኝ ነው። ዛሬስ አያፏጭም።