የአቶ ሸረፈዲን ሱሩር ሞትና የተዘጋው የሐሙስ መታከሚያ ክፍል

የአሰብ መስመር ሾፌሮችና ረዳቶች መረዳጃ ማኅበር፣ የጤና ኮሚቴው አባል የነበሩት አቶ ሸረፈዲን ሱሩር በተወለዱ በ45 ዓመታቸው ግንቦት 19 ቀን 1977 ዓ.ም. ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ በሚገኘው ቤታቸው ማረፋቸውን ለአባላቱና ለሕዝቡ የሚያስታውቀው በከባድ ሐዘን ነው። ቀብራቸው በዚያው ዕለት ተፈጽሟል።

አቶ ሸረፈዲን በ1932 ዓ.ም. በደሴ ዙሪያ ከገበሬ ቤተሰብ ተወለዱ። ከ1949 ዓ.ም. ጀምሮ በረዳትነት፣ ከ1956 ዓ.ም. ጀምሮ ደግሞ በከባድ መኪና ሾፌርነት ከአሰብ እስከ ደሴ ጭነት አመላልሰዋል።

በ1968 ዓ.ም. ሀረጎ ቁልቁለት ላይ መኪናቸው ተገልብጦ ወገባቸው ተጎዳ። ለሕመሙ ማስታገሻ የተሰጣቸው መርፌ ሱስ ሆነባቸው። ይህን ሊሰውሩ ሞክረው አያውቁም፤ ማኅበሩም አይሰውርላቸውም።

በ1972 ዓ.ም. ማኅበሩ ኮምቦልቻ ላይ የመርፌና የክኒን ሱስ ላለባቸው አባላት መታከሚያ ክፍል ሲከፍት፣ ከኮሚቴው አባላት መካከል ሱስ የሚያውቅ አንድም ሰው አልነበረም። አቶ ሸረፈዲን ሳይጠሩ ገብተው የተናገሩት በቃለ ጉባኤው ሰፍሯል፦ «የምንወጋው እኛ፣ የምትሰበሰቡት እናንተ! ጠዋት ሦስት ሰዓት ክፍት ነው ትላላችሁ፤ ወላሂ ያን ጊዜ እኛ ሚሌ ላይ ነን። ለማን ነው የከፈታችሁት፣ ለዝንቡ?» ኮሚቴው ከብዙ ክርክር በኋላ ወንበር ሰጣቸው።

በ1973 ዓ.ም. እርሳቸውና ሱስ ያለባቸው ሌሎች አሥር አባላት ባቀረቡት ሐሳብ ክፍሉ ሐሙስ ከሰዓት በኋላ፣ መኪኖች ሲገቡ እንዲከፈት፣ መርፌ በታካሚው ፊት እንዲቀቀል፣ ቁስል ይዞ የመጣ ሰው ሳይሰደብ እንዲታጠብ ተደረገ። በ1972 ዓ.ም. በተመረዘ ቁስል ሦስት አባላት ሞተው ነበር። በ1973 ዓ.ም. ግን አንድም አልሞተም።

በ1974 ዓ.ም. ማኅበሩ አሥሩም በኮሚቴው እንዲወከሉ ስማቸውንና የመንጃ ፈቃድ ቁጥራቸውን እንዲያስመዘግቡ ወሰነ። በደንባችን ያልተመዘገበ ሰው አይወከልም፤ ቀብር ላይ እንኳ የምናምነው የስም ጥሪን እንጂ ዓይናችንን አይደለም። አቶ ሸረፈዲን ስም እንዳይጻፍ ሁለት ጊዜ አመለከቱ። ሁለቱንም ጊዜ ውድቅ አደረግን። በመጨረሻ የራሳቸውን ስም አንደኛ አስጻፉ፤ ሌሎቹ እርሳቸውን አምነው ተከተሉ።

ዝርዝሩ ከጽሕፈት ቤታችን ወጣ። ማን እንዳወጣው አልታወቀም። ከአሥሩ ሁለቱ ታሰሩ፤ አራቱ መንጃ ፈቃዳቸውን ተነጠቁ። ከዚያ ወዲያ ሐሙስ ሐሙስ የመጣ ሰው የለም። ክፍሉ ሐምሌ 1975 ዓ.ም. ተዘግቶ አሁን አሮጌ ጎማ ይቀመጥበታል።

አቶ ሸረፈዲን በአሥሩም ቤት እየዞሩ ይቅርታ ጠይቀዋል። ጥፋቱ ግን የማኅበሩ ነበር። በር የከፈቱላቸው ሁለት ናቸው። ለሞት ያበቃቸው መርፌ በክንዳቸው ላይ ያመጣው ቁስል ነው። በክፍሉ ሲታጠብ የኖረው ዓይነት ቁስል ነበር።

በቀብራቸው ላይ እንደ ደንቡ ስም ተጠርቷል። ከአሥሩ አንድም አልተገኘም። ማኅበሩ ቀሪ ብሎ አልመዘገባቸውም።

ለባለቤታቸው ለወይዘሮ ጀዋሂር በሺር፣ ለልጆቻቸውና በመንገድ ላይ ላሉ የሥራ ባልደረቦቻቸው አላህ ሶብሩን ይስጥልን። ለአሥሩም ሐዘናችን ይድረሳቸው፤ ስማቸውን ዳግም አንጽፍም። ሌላ ክፍል ለመክፈት የታሰበ ነገር የለም። ቢከፈትም ማኅበሩ እነርሱን ኑ የሚልበት አፍ የለውም።

የማኅበሩ ሥራ አመራር ኮሚቴ
ደሴ፣ ግንቦት 21 ቀን 1977 ዓ.ም.